የወለተ ብርሃን መስኮት

ከፋሲል መዋኛ ወጥቶ የቀሐን ወንዝ ዳር ዳር ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ በስተግራ፣ በሁለት ወይራዎች መካከል አንድ የፈረሰ የድንጋይ ቤት ይታያል። ጣራው የወደቀበትን ዘመን የሚያስታውስ የለም። ከአራቱ ግድግዳዎች እንደ ነገሩ የቆመው አንዱ ብቻ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የሕፃን ራስ ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ መስኮት አለች። ዙሪያዋ ቀይ ድንጋይ ነው። የቀረው ድንጋይ ሁሉ ሻክሮ ሽበት ሲያወጣ፣ የመስኮቷ ታችኛው ከንፈር ግን በልጆች ጉንጭና በእናቶች መዳፍ ወዝ ጠቁሯል።

ቤቱን ማን እንደ ሠራው፣ ለምን እንደ ሠራው የሚያውቅ የለም። ስም ግን አለው፤ የወለተ ብርሃን ቤት ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ አይደለም። እዚያው ቀሐ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚኖር፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሽማግሌ ነው። ስሙ አለኸኝ ነው፤ ሰፈሩ አያ አለኸኝ ይለዋል።

አለኸኝ የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ልጃቸው ከእሳቸው እንዲበልጥ ስለ ፈለጉ፣ ዳዊት ደግሞ እንዳበቃ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ከኮሶዬ በላይ ወዳለ ቅኔ ቤት ላኩት። ኮሶዬ ብርድ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በጎጆዎቹ መካከል እየተንከባለለ ያልፋል፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ጥርሱን እያፋጨ ይማራል። መምህራቸው የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይሰሙ፣ ዝም ሲሉ ግን የሚሰሙ ሰው።

በቅኔ ቤት የትናንት ቅኔ ዛሬ አይባልም። የሌላ ሰው ቅኔም አይደገምም። ተማሪው ከጠዋት ወጥቶ አንዱ በቋጥኝ ላይ፣ አንዱ በዛፍ ሥር ለየብቻው ይቀመጥና ይቆጥራል፤ በልቡ አዲስ ይፈጥራል ማለት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሰብስቦ በየተራው ለየኔታ ይነግራል። ያማረለት «ይበል!» ይባላል። ያበላሸ ይታረማል። አለኸኝ አንድ ቀን ሆዱን አሞት ውሎ ባዶውን ቀረበ።

«ምን ይዘሃል?» አሉት የኔታ።

«አላገኘሁም፣ የኔታ።»

የኔታ አልተቆጡም። ፊታቸውን ብቻ ወደ ቀጣዩ ተማሪ አዞሩ። ጓደኞቹ ግን እስከ ሳምንቱ ድረስ «አባ አላገኘሁም መጡ!» እያሉ አሾፉበት፤ አንዱ ቆሎ እየዘገነ «ለአባ አላገኘሁምም ባዶ እጅ ይዘገንላቸው» እያለ አየር ይሰጠው ነበር። ለአለኸኝ ከሹፈቱ ሁሉ የባሰበት ያ የዞረ ፊት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ የኔታ ፊት ባዶውን ቀርቦ አያውቅም። ያልመጣለት ቀን ያመጣዋል።

ሦስት ዓመት እንደ ተማረ አባቱ ሞቱ። እናቱን ለመርዳት ወደ ከተማ ተመለሰና አንድ ሆቴል የእንግዶች ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። እንግሊዝኛውን ከሻንጣው ባለቤቶች አፍና ጀርባው ከወለቀ መዝገበ ቃላት ለቃቀመው። ዘመን ተለውጦ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ተፈትኖ አስጎብኚ ሆነ፤ ጎበዝ አስጎብኚ። የነገሥታቱን ተራ ከነዘመናቸው ይዘረዝራል። የፋሲልን ግንብ ሲያሳይ የትኛው ድንጋይ የድሮ፣ የትኛው የእድሳት እንደሆነ በጣቱ እየነካ ይለያል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲደርስ እንግዶቹን ጫማ አስወልቆ ያስገባና ምንም ሳይናገር ወደ ጣራው ብቻ ያመለክታል፤ የመላእክቱ ፊት ሁሉ ቁልቁል ሲያያቸው እንግዶቹ «ኦ!» እስኪሉ ይጠብቃል። ቁስቋምን በመጨረሻ ያሳያል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍርስራሹ ስለሚያምር። ይህን ሁሉ የሚናገረው ከመጽሐፍ አጣርቶ፣ ከሊቃውንት ጠይቆ ነው። አንዲት ታሪክ ብቻ ናት ከመጽሐፍ ያልወጣች።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ነው። ስድስት እንግዶች ይዞ ከመዋኛው ወጥቶ በእግር ሲሄዱ፣ ከመካከላቸው አንዲት ባለ ምርኩዝ አሮጊት ደከማትና በፈረሰው ቤት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምርኩዟን ወደ ትንሿ መስኮት ቀስራ፣

«ይህስ የማን ቤት ነው?» አለችው።

አለኸኝ አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ነው። ስድስቱም ዞረው ፊቱን አዩት። ወንዙ ይሰማል፤ ወይራው ላይ አንዲት ወፍ ትንጫጫለች። የየኔታ ፊት ከእነዚያ ስድስት ፊቶች ጀርባ ቀስ ብሎ ሊዞር ሲል ታየው።

«ይህ» አለ፣ «የንጉሥ ልጅ ቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን እንዳናገረው አያውቅም። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሆኗት አፏን አልፈታችም ነበር አላቸው። አባቷ የወንዙን ድምፅ እንድትለምድ ብሎ ይህን ቤት አሠራላት። በየቀኑ ራሷን በዚህች መስኮት አሳልፋ ውሃውን ስታዳምጥ ትውላለች። በጥምቀት ዕለት ታቦቱ በዚህ ሲያልፍ «ውሃ!» ብላ ጮኸች። ንጉሡ ከበቅሎው ወርዶ መሬት ሳመ።

አሮጊቷ አለቀሰች። ተነሥታ በምርኩዟ እየተደገፈች መስኮቷን ዳበሰቻት። አለኸኝ ብዙ ዓመት ግንብ ሲያሳይ ያለቀሰለት እንግዳ አልነበረም። ደረቱ ሞቀው፤ «ይበል!» እንደ ተባለ ሰው።

ከሰዓት በኋላ እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ስንዱ በረንዳው ላይ ጥጥ ትፈትላለች።

«ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው?»

«ከራሴ።»

እንዝርቷ ቆመ። «አሃ! ለንጉሡ ልጅ ወለድክለት በለኛ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ስምስ አላወጣህላትም?» አለችው።

በማግስቱ ወለተ ብርሃን አላት።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን እንግዶች ሲመለሱ ለወዳጆቻቸው ያወሩ ኖሯል፤ ሌሎች መጥተው «ያቺ የልጅቷ ቤት የታለች?» ማለት ጀመሩ። አለኸኝም በቅኔ ቤት ልማዱ የትናንቱን እንዳለ መድገም ያሳፍረዋል። በሁለተኛው ዓመት ለወለተ ብርሃን የብር አልቦ አጠለቀላት። በሦስተኛው ዓይነ ስውር ሞግዚት ሰጣት። ቆይቶ ደግሞ ራሷን በመስኮቷ ሰባት ጊዜ ታሳልፍ ነበር አለ፤ ሰባት ቁጥር ሸጋ ስለሆነ። ሥራውን ከእሱ የለመዱ ወጣት አስጎብኚዎች ሰምተው ያዙት። ከሁሉ ይበልጥ ያዘው ጌቾ ነው። ጌቾ አለኸኝ ራሱ ያሠለጠነው፣ ድምፁ እንደ ቀረርቶ ባለሙያ የሚያስገመግም፣ ዛሬ ባለ ትልቅ ስም አስጎብኚ ነው። እሱ ደግሞ ታሪኩን ለፈረንጅ ብቻ አላስቀረውም፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት፣ ለተማሪዎች፣ ለጥምቀት እንግዳ በአማርኛ አወራው። በአማርኛ የተወራ ደግሞ አገር ያዳርሳል።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ። ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳው ቀነሰ። አለኸኝም ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሥራውን ተወ።

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት፣ በጥምቀት ማግስት ጠዋት፣ ምርኩዙን ይዞ እግሩን ሊያፍታታ በወንዙ ዳር ወጣ። ሣሩ በሕዝብ እግር ተረጋግጧል፤ የሸንኮራ ልጣጭ በየቦታው ወድቋል። ከፈረሰው ቤት ሲደርስ አንዲት ሴት ተንበርክካ አየ። የገጠር ሴት ናት፤ ቀሚሷ ታጥቦ የነጣ፣ ነጠላዋን በመስቀልያ ያጣፋች። ከፊቷ አንዲት ልጅ ራሷን በመስኮቷ አስገብታለች። ሴትዮዋ የልጅቷን ጀርባ በመዳፏ ይዛ ትቆጥራለች።

«አምስት... ስድስት...»

አለኸኝ በምርኩዙ ተደግፎ ጠጋ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«እንዴት አደሩ፣ አያ! ሰባት።» ልጅቷን አወጣቻት። ጉንጯ ላይ አፈር ተለጥፏል። «የትነበርሽ እባላለሁ። ከጭልጋ ነው የመጣን። ይቺ ቤዛዊት ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አፏን አልፈታችልኝም። ልክ እንደ ንጉሡ ልጅ!»

ቤዛዊት ቀና ብላ የአለኸኝን አፍ አየች። ዓይኑን አይደለም የምታየው፤ አፍ ነው የምታየው። ንቁ ልጅ ናት። ምርኩዙን መሬት ሲተክል አይታ እሷም በእንጨት እንደሱ ተከለች።

«ማን ነገረሽ ይህን?» አላት።

«ኧረ ማን ያልነገረኝ! እኅቴ ፀዳ ነው የምትኖር፤ እሷ ነገረችኝ። አንድ ዲያቆንም ነገረኝ። አፏን ከፈታችልኝ ለአገሬ ለሚካኤል ጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። አንቱስ የዚህ አገር ሰው ነዎት?»

አለኸኝ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ጌቾ ከአዲስ አበባ የመጡ ዐሥር ያህል እንግዶች አስከትሎ ከታጠፊያው ብቅ አለ።

«እሰይ! ባለቤቱ ራሳቸው እዚህ ናቸው!» አለ ጌቾ በዚያ ድምፁ። «እንግዶቼ፣ የወለተ ብርሃንን ታሪክ ከአባቶች ጠይቀው ለእኛ ያስተላለፉልን አያ አለኸኝ እኒህ ናቸው!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ ፎቶ አነሣው። የትነበርሽ ይህን ስትሰማ እንደ ታቦት አየችው፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፣ ያን የሚያመውን ጉልበቱን።

«ይመርቁኝ፣ አያ።»

በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት፣ በጌቾ ፊት፣ አለኸኝ ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

«እግዜር ይስማሽ» አላት።

ያን ቀን ስንዱ ምሳ አቅርባ እሱ ግን እንጀራውን ሲጠቀልል፣ ሲፈታ አየችው። ነገራት። ስንዱ አልሳቀችም።

«ነገ በጠዋቱ ሄደህ ንገራት።»

«ወዴት አገኛታለሁ? ጭልጋ ሰፊ ነው።»

«ፀዳ እኅት አለችኝ ብላኛለች አላልክም?»

ፀዳ በባጃጅ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አለኸኝ ነገ እያለ ሳምንት አለፈ። ከዚያ ጾሙ ገባ። ከዚያ ክረምቱ።

በዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ከቤት አልወጣም። «ጉልበትህን ነው ወይስ ልብህን?» አለችው ስንዱ። እሷ ግን ከጠበሉ ስትመለስ በትንሽ ቅል ማር ይዛ ገባች። «ያቺ ሴት ናት። አድራሻህን ጠይቃ ጠይቃ አገኘችኝ። ለደጉ አያ ስጪልኝ አለችኝ።» ልትነግራት አስባ ነበር ስንዱም። ግን ኃጢአቱ የባሏ ስለሆነ መናገሩን ለእሱ ተወችለት። ማሩን ማንም አልቀመሰውም። ቅሉ በግድግዳው ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ከረመ፤ አለኸኝ ወደዚያ ጎን ፊቱን ሳያዞር መብላት ለመደ።

በሦስተኛው ዓመት ግን ማሩን በጋቢው ሸፍኖ ሄደ። በጥምቀት ማግስት፣ በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ። የትነበርሽ ቀድማው ደርሳለች። ቤዛዊት አድጋለች። ራሷ በመስኮቷ አልገባ ብሎ ጉንጯን አስደግፋ ጆሮዋን ብቻ ድንጋዩ ላይ አድርጋለች፤ ቀሚሷም አጥሮ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። አንድ፣ ሁለት እያለ የሚቆጥረው የእናቷ ድምፅ ደክሟል።

«ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው፣ አያ» አለችው ሰላም ከተባባሉ በኋላ። «ሦስት ጥምቀት ብዬ ነው የተሳልሁት። የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ በየወሩ ቤቴ እየመጣች ትነዘንዘኛለች። ጎንደር ወስደሽ ጆሮዋን አሳዪ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በእጅ እየተነጋገሩ የሚማሩበት ቤት አለ ትለኛለች።»

አለኸኝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ካቻምና ነዋ! በኅዳር፣ ወደዚህ ልመጣ ስል። እኔ ግን ስለት ላይ ሌላ አልደርብም አልኋት። የወለተ ብርሃንን ጆሮ ማን ሐኪም አየላት?»

ካቻምና። ስድስት እንግዳ ፊት አንድ ቃል ለማለት ያፈረው ሰው፣ ካቻምና ደግሞ ዐሥር እንግዳ ፊት እንደ ገና ያፈረው ሰው፣ አሁን ማንም በሌለበት እንኳ አስቀድሞ ዙሪያውን ቃኘ።

«የትነበርሽ» አለ። «ወለተ ብርሃን የምትባል ሰው አልነበረችም።»

«ሞታለች እንጂ እንዴት አልነበረችም?»

«አልተወለደችም። እኔ ነኝ የፈጠርኋት። እዚህ ድንጋይ ላይ አንዲት ፈረንጅ ተቀምጣ ቤቱ የማን ነው አለችኝ። አላውቅም ማለት አፈርሁ። ሁሉንም ከልቤ አወጣሁት፤ ሰባቱንም፣ ውሃውንም፣ መስኮቷንም።»

የትነበርሽ መጀመሪያ ፈገግ አለች። «ይተዉ አያ፣ በጥምቀት አይቀለድም።» ከዚያ ፊቱን አየች። ቤዛዊት ጆሮዋን ከድንጋዩ ሳታነሣ ሁለቱንም በዓይኗ ትከታተላለች።

«እና ሦስት ዓመት ሙሉ ማንን ነበር የማናግረው?»

«እግዜርን ነዋ። እሱ ይሰማል።»

«እሱንማ አገሬ አጣሁት? ሚካኤል ከደጄ ነው፤ ጠዋት ማታ እሳለመዋለሁ። እዚህ ድረስ ልጄን እየጎተትሁ የመጣሁት ያቺ ልጅ ዳነች ብዬ ነው። እንደኔ ልጅ ያለች አንዲት ነበረች ብዬ ነው!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምነው ካቻምና? ምነው ያኔ፣ እግርህ ሥር ስወድቅ? እግዜር ይስማሽ አልከኝ እኮ!»

አንቱ ማለቷ እንደ ቀረ አለኸኝ ሰማ።

«አፍሬ ነው።»

«አሁንስ አላፈርህም?»

ማሩን ከጋቢው ሥር አወጣና ዘረጋላት፤ ለምን እንደ ዘረጋው ራሱም አያውቅም። ሴትዮዋ ቅሏን አየች፣ አወቀቻት።

«ብላው» አለችው። «አፍህ ጣፋጭ አይደል? ይጨመርበት።»

ልጅቷን ክንዷን ይዛ አነሣቻት። አለኸኝም በምርኩዙ ተነሣ። «ትምህርት ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ልውሰዳችሁ» አላት።

«መንገዱን ንገረኝ። አብረኸን አትምጣ። አንተ ስትመራ አይተነዋል።»

ነገራት። ድልድዩን ተሻግራ፣ አስፋልቱን ይዛ፣ አረንጓዴው በር። ሁለቱ ሲሄዱ ቆሞ አየ። ቤዛዊት ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው።

ያ ከሆነ በኋላ ልጅቷን ትምህርት ቤቱ ተቀበላት። እናቷ በፀዳ ከምትኖረው እኅቷ ዘንድ ትታት ጭልጋ ተመለሰች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ታያታለች። አለኸኝ ይህን ያወቀው ከመምህሯ ነው። መምህርቷ ሕይወት ትባላለች፤ ስትናገር እንኳ እጇ ዝም የማይል ሰው ናት። አንድ ከሰዓት ሄዶ እኔ ዘመዷ ነኝ ሳይል፣ ማን እንደሆነም ሳይደብቅ ጠየቃት።

«ትንሽ ትሰማለች፤ ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ» አለችው ሕይወት። «ፈጣን ልጅ ናት። ግን ቋንቋ የሌለው ልጅ ዓመት ሲቆጠርበት ከባድ ነው፣ አባቴ። በሰባት ዓመቷ ብትመጣ ብዙው ይቀልላት ነበር። አሁንም ትማራለች። ያለፈው ግን አለፈ።»

በመስኮት አሳየችው። ቤዛዊት ከአምስትና ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ለጉልበቷ ስለማይበቃ ወደ ጎን ዞራ፣ እግሯን በመተላለፊያው ዘርግታ ነው የምትጽፈው።

ከዚያ ቀጥሎ አለኸኝ ያወጣውን ቃል ሊሰበስብ ተነሣ። ጌቾን በሻይ ቤት አገኘው።

«ያን ታሪክ ተው። ከእንግዲህ አትናገረው።»

«ምነው አያ? ከአስተማሩኝ ሁሉ እንግዳ የሚወደው እኮ እሱን ነው።»

«ሐሰት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርሁት።»

ጌቾ ሳቀ፤ ሳቁ ሻይ ቤቱን ሞላው። «አያ፣ እርጅና መጣ! አንድ ዲያቆን ከአያቱ ሰምቶታል፤ አያቱ ደግሞ ከእርስዎ በፊት ሞተዋል... ማለቴ ከእርስዎ በፊት የነበሩ ናቸው።»

«አያቱም ከኔ ነው የሰማው፤ ዲያቆኑም ከአንተ።»

«እሺ፣ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?»

አለኸኝ የሚያሳየው ምንም ነገር አልነበረውም። ያልነበረ ነገር አለመኖሩን በምን ያሳያል? ጌቾ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻዩን ጋበዘውና ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት ላይ ክንዱን ይዞ አወረደው። ግን አላመነውም። አለኸኝ ጠዋት ጠዋት ከፈረሰው ቤት አጠገብ እየተቀመጠ ልጅ ይዘው ለሚመጡ እናቶች መናገር ያዘ። አንዳንዷ ትሰማዋለች። አንዳንዷ፣ «እኒህ ሽማግሌ ጤና የላቸውም» ብላ ልጇን ወደ መስኮቷ ታስጠጋለች።

በዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ፣ መምህርት ሕይወት ላከችበት። ተማሪዎቿን ግንቡን ልታሳይ ነውና ያስጎበኛቸው እንደሆነ ጠየቀችው። አለኸኝ የሠርግ ኮቱን ስንዱ በፍም ካውያ ተኩሳለት ለበሰ።

ዐሥራ ሦስት ልጆች ነበሩ። እሱ ይናገራል፣ ሕይወት በእጇ ትነግራቸዋለች። ግንቡ እድሳት ላይ ስለነበር በእንጨት መወጣጫ የታጠረ ብዙ ነበር። ልጆቹ ግን እሱ በዕድሜው ያላያቸውን ነገሮች ነው ያዩት፤ በግድግዳው ስንጥቅ የበቀለች አበባ፣ አንዱ ግንበኛ በኖራ ላይ ያስቀረውን የጣት አሻራ፣ የአንበሶቹ ቤት ደፍ ላይ የተኛች ድመት። አንዱ ልጅ ስለ አሻራው ጠየቀ። የማን ጣት ነው?

«አላውቅም» አለ አለኸኝ።

ሕይወት በእጇ አደረገችው። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ምንም አልሆነም። ማንም ፊቱን አላዞረበትም።

ከመዋኛው ወጥተው በወንዙ ዳር ሲመለሱ ልጆቹ የፈረሰውን ቤት አይተው ሮጡ። አለኸኝ ሊጠራቸው አሰበ፤ ጥሪ የሚሰማ ልጅ ግን አልነበረም። ሲደርስ ቤዛዊት ተንበርክካ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋለች። የሌሎቹ ራስ ግን ይገባል፤ ስለዚህ እሷ ዘወር ብላ ትንንሾቹን በሰልፍ አቆመች። እዚህ ቦታ እንዲህ ይደረጋል፤ እሷ የምታውቀው ይህን ነው። የመጀመሪያው ልጅ ራሱን በመስኮቷ አስገባ። ቤዛዊት ጀርባውን በመዳፏ ይዛ በሌላ እጇ ጣት መቁጠር ጀመረች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሕይወት።

አለኸኝ ነገራት። አሳጥሮ፣ ግን ምንም ሳይደብቅ። ሕይወት ወደ ቤዛዊት ሄዳ በእጇ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ መለሰች፤ ጣቶቿ ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈቱም፣ አንዳንዱን ነገር በፊቷ ነው የምትሞላው።

«እናቴ እዚህ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር ትላለች» አለች ሕይወት። «ለምን ታመጣኝ እንደ ነበር እኒህን ሰው ጠይቂልኝ፤ እሳቸው ያውቃሉ ትላለች።»

የመጀመሪያው «አላውቅም» ቀሎት ነበር። ይህን ግን ያውቃል።

«እኔ ዋሽቼ እናቷ አምናኝ ነው በያት። እንድትናገር ብላ ነው ያመጣቻት። የፈወሰ ነገር እዚህ አልነበረም። ቀድሜ ብናገር ኖሮ ቶሎ ትምህርት ቤት ትገባ ነበር በያት።»

ሕይወት ጥቂት አመነታች። ከዚያ እጇን አነሣች። ቤዛዊት የመምህሯን እጅ እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ሲያበቃ አለኸኝን አየችው፤ እንደ በፊቱ አፉን አይደለም፣ ዓይኑን ነው። እሱ አልሸሸም። በሕይወት ዘመኑ ብዙ ሺህ እንግዳ ፊት ቆሟል፤ እንደዚህ ፊት ግን አልቆመም።

ልጅቷ ዘወር አለችና ራሱን በመስኮቷ ያስገባውን ትንሽ ልጅ በአንገትጌው ይዛ ቀስ ብላ አወጣችው። ጉንጩ ላይ የተለጠፈውን አፈር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ሌላኛው ሊገባ ሲል በእጇ ከለከለችው። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ ወደ መንገዱ መራቻቸው።

አለኸኝ ሁልጊዜ ከእንግዶቹ ፊት ፊት ነበር የሚሄደው፤ አስጎብኚ እንዲያ ነው። ያን ቀን ከዐሥራ ሦስቱም ልጆች ኋላ፣ በምርኩዙ፣ ቀስ እያለ ተከተለ። አረንጓዴው በር ሲደርሱ የትነበርሽ ልጇን ልትወስድ ቆማ ነበር። መምህርቷን ስማ ሰላም አለቻት፤ ትንንሾቹን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። አለኸኝ ሲቀርብ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።